የአያ እንዳልክ ሁለት መስኮቶች

ደረጀ ሲደውል አንዲት ሙሽራ ፀጉሯን ስትሠራ እየቀረጽኩ ነበር። ካሜራውን ሳልለቅ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ያዝኩና፣ «ምነው ደረጀ፣ በሥራ ሰዓት?» አልኩት።

«ስመኝ፣ አያሽ አረፈ» አለኝ። «ዛሬ ቁስቋም ይቀበራል።»

አያሽ ያለው እንዳልካቸውን ነው። ጎንደር ማራኪ ሠፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ቤት ውስጥ ሦስታችን አብረን ሠርተናል። እሱ ጠጋኝና አሠልጣኝ፣ ደረጀ ፎቶ ኮፒ፣ እኔ ጸሐፊ። ከተማው «ጋሽ እንዳልካቸው» ሲለው፣ እኔ የደንቢያ ልጅ ነኝና «አያ እንዳልክ» እለው ነበር። «አያ ስትዪኝ ደስ ይለኛል፤ እናቴ ቤት የገባሁ ይመስለኛል» ይለኝ ነበር።

ሰው ሞተ ሲባል ነፍስ ይማር ይባላል። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ። «እሺ፣ እመጣለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ሙሽራዋን ቀና በይ አልኳት።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ዝም ስል ግን ስንት ዓመቴ! በፊት «እሳቸው» እል ነበር፣ አሁን «እሱ» ነው የምለው፤ ለምን እንደሆነ ስትሰሙ ወይ ትፈርዱልኛላችሁ ወይ ትፈርዱብኛላችሁ። ሙሽራ ጥዬ መሄድ ስለማልችል ለቅሶ የደረስኩት በማግስቱ ነው። የሄድኩትም አንድ ነገር ፈልጌ ነው፤ አልዋሽም። ከመሞቱ በፊት ለአንድ ሰው፣ ለሚስቱ እንኳ፣ እውነቱን ተናግሮልኝ እንደሆነ ማወቅ እፈልግ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

መጀመሪያ ግን ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ያቃጠለኝ ነገር አይገባችሁም።

የቁስቋም ልጅ ነው፣ የቤተ ክህነት ቤተሰብ። ወጣት ሳለ አቋቋም ይማር ነበር። «አንድ ቀን የደብሩ ድምፅ ማጉያ ተበላሸ፤ እኔ ጠገንኩት። ከዚያ ወዲህ መቋሚያ ጨብጬ አላውቅም» ይለናል፣ እየሳቀ። ዜማው ግን አልለቀቀውም። ኮምፒውተር ሲፈታ ብሎን መፍቻውን እንደ መቋሚያ ቀኝና ግራ እያወዛወዘ በአፍንጫው ያዜማል። ማሽን ሳይከፍት በፊት ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ያስጠጋና፣ «እስኪ ምን ትላለች?» ይላል። የማራገቢያዋን ድምፅ ሰምቶ በሽታዋን ይናገራል። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ጆሮዬን ሳላስጠጋ ማሽን አልከፍትም። ከእሱ የወረስኩትን አውጥቼ ልጣል ብል ባዶ እጄን እቀራለሁ፤ ይህም ያናድደኛል።

ያኔ ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ሰሞን ነው፤ ዱዋል ኮር የሚባለው ጎንደር የገባው በዚያው ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ዱዋል ኮር፣ ዱዋል ኮር ይላል እንጂ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሠልጣኞቹ ሲጠይቁት እንዲህ ብሎ አስረዳቸው፤

«ኮር ማለት አሳቢው ነው። የድሮው ማሽን አንድ አሳቢ ብቻ ነው ያለው። ቅኔ ማኅሌት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ካህናቱ ቀኝና ግራ ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታ ሲመራ ግራ ጌታ ይቀበላል። እንግዲህ አንድ ሰው ብቻውን ቀኝም ግራም ሆኖ ቢያዜም አስቡት። እዚህ ይመራል፣ ወዲያ ሮጦ ይቀበላል፣ ተመልሶ ይመራል። ፈጣን ከሆነ ሁለት ሰው ይመስላችኋል። በዓሉ ሲከብድ ግን ትንፋሹ ያልቃል። ዱዋል ኮር እውነተኛ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ነው፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት ትንፋሽ።»

ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ «እና ጋሼ፣ አዲሱ ሁልጊዜ ይፈጥናል?» አለው።

«ማን አለህ! ሥራው አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ሰው ቆሞ ያይሃል እንጂ ምን ያግዝሃል? ደብዳቤ ለመጻፍ የድሮዋ ፔንቲየም ፎር ትበቃሃለች። ቪዲዮ ልታቀናብር፣ ድምፅና ምስል ባንድ ጊዜ ልታስኬድ ካልክ ግን ያኔ ሁለት ሰው ያስፈልግሃል።»

ገበያውንም አያታልልም ነበር። አንድ የደብር ጸሐፊ ዱዋል ኮር ልግዛ ብለው ሲመጡ፣ «አባቴ፣ ለደብዳቤ ምን ያደርግልዎታል? ያለዎትን አቧራውን ላራግፍልዎት» ብሎ መለሳቸው። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ነጋዴ ዱዋል ኮር የሚል ተለጣፊ ያለባቸው ማሽኖች ይዞ መጣ። አያ እንዳልክ አንዱን አስነሳና ታስክ ማናጀር የሚባለውን ገጽ ከፈተ። እዚያ ላይ የአሳቢው ድካም በመስመር ይታያል፤ ለአንድ ኮር አንድ ሣጥን፣ ለሁለት ኮር ሁለት ሣጥን። እሱ መስኮት ነው የሚላቸው። የታየው አንድ መስኮት ብቻ ነበር። ዝም ብሎ ተለጣፊውን በጥፍሩ ልጦ ነጋዴው ኮት ላይ ለጠፈለት።

«በል፣ አሁን አንተ ዱዋል ኮር ሆንክ» አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ነጋዴው ማሽኖቹን ሰብስቦ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ማራኪ ውስጥ አባባል ሆነ፤ «ተለጣፊ ይዋሻል፣ ስም ይዋሻል፤ መስኮቱን ቁጠር።» ማሽን የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ መስኮት ይቆጥራል። ስሙን የሚያነብ አልነበረም፤ አያ እንዳልክ ስም ይዋሻል ብሏላ!

አባቴ ያን ዓመት በሬ ሸጠ። አገሬ ደንቢያ፣ ኮላ ድባ ከተማ፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ከጎንደር ነበር የሚያስመጣ። «ካወቅሽበት ሥሪ» አለኝ አባቴ። «በሬ ይወለዳል።» የማራኪውን ሥራ ትቼ አገሬ ገባሁና፣ በበሬው ዋጋ ዱዋል ኮር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። የእህቴን ልጅ ክርስትና ቀርጬ ስሞክረው ውኃ ሆኖ ፈሰሰ። ከጥምቀት ማግስት ደግሞ የአያ ጫኔ ታላቅ ልጅ ልትዳር ነው። አያ ጫኔ የኮላ ድባ የእህል ነጋዴ ነው፣ አገር የሚያውቀው፣ ያባቴ ወዳጅ። ሰርጉን ለእኔ ሰጠኝ።

ከሰርጉ በፊት ማሽኑን ይዤ ወደ አያ እንዳልክ መጣሁ፤ አቧራው እንዲራገፍና የማቀናበሪያ ፕሮግራሙ እንዲታደስ። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «እሰይ የኔ ልጅ! አደራ የሰጠሽኝን ጥሩ አድርጌ እሰጥሻለሁ፤ ትደር ተያት» አለኝ። አደረች። በማግስቱ አስነሥቶ አሳየኝ፤ ሁለት መስኮት። ተለጣፊውም ከነመልኩ አለ። እጁን ስሜ ወጣሁ። አዎን፣ ስሜ ነው የወጣሁት።

ሰርጉን ቀረጽኩ። ቤት ገብቼ ማቀናበር ስጀምር ማሽኑ ሌላ ፍጡር ሆኖ ጠበቀኝ። ምስሉን ሳስኬድ ድምፁ ይቆማል፣ ድምፁን ሳስኬድ ምስሉ ይቆማል። ከእህቴ ልጅ ክርስትና ወዲህ ምን ነካው? ደወልኩለት።

«አያ፣ ይንቀራፈፋል። ምን ላድርግ?»

«ስንት መስኮት ታያለሽ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው ማሽኑ ሸጋ ነው። ጥፋቱ ካንቺ ነው» አለኝ። «ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይሆንልሽም፤ አንድ አንዱን ሥሪ። አትቸኩዪ።»

አመንኩት። ለምን አላምነው? መስኮቱን ቆጥሬያለሁ፤ ቆጠራውን ያስተማረኝ ደግሞ እሱ ነው።

በኛ አገር የሰርግ ቪዲዮ የሚታየው በቅልቅል ቀን ነው። የሁለቱም ወገን ቤተሰብ ዳስ ውስጥ ይሰበሰባል፤ በልቶ ጠጥቶ ራሱን በቴሌቪዥን ያያል። ማን አለቀሰ፣ ማን ጨፈረ፣ የማን ሚዜ ተንገዳገደ፣ ይሳቃል። አያ ጫኔ ትልቅ ቴሌቪዥን ከጎንደር አስመጥቶ ነበር። እኔ ስደርስ ሥራው አላለቀም። ማሽኑን ተሸክሜ ዳስ ውስጥ አስቀመጥኩና፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ያ ምስሉ መጠናቀቁን የሚያሳየው መስመር እስኪሞላ ቆምኩ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ መስመሩ ንቅንቅ አይልም።

አያ ጫኔ መጣና ቀስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ምነው? መብራት ነው?» አለኝ። ቢቆጣኝ በተሻለኝ።

በመጨረሻ ያለቀችውን አሳየሁ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ፣ ቃል ኪዳን ሲፈጽሙ፣ ቀለበቱ ወደ ጣት ሲጠጋ፣ እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ሙሽራው ቀለበቱን አንጠልጥሎ ቀረ። ጭፈራው የለ፣ መልሱ የለ። ልጆቹ ጮኹ፣ ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። አባቴ ዳሱ ጥግ ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ በሬውን እያሰበ መሆኑን አውቃለሁ።

የኮላ ድባ ሰው ጨዋታ ያውቃል። ያኔ ነገር ሲዘገይ «እንደ ስመኝ ቪዲዮ» ይባል ጀመር። ሚኒባስ ሲቆም፣ «የስመኝ ቪዲዮ ሆነብን እኮ!» ይላል ረዳቱ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ። ሌላ ሰርግ የሰጠኝ አልነበረም። ካሜራዬን ሸጥኩና ወደ ማራኪ ተመለስኩ፤ ወደ ደብዳቤ ጽሕፈት፣ ወደ አያ እንዳልክ ቤት።

እሱም ተቀበለኝ፤ ያውም በደስታ። «የኔ ልጅ፣ ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር አልተፈጠረም» አለኝ። ይህን ሲለኝ ቀና ብሎ አላየኝም፤ አንድ የጠበቀ ብሎን እያጠበቀ ነበር። ልቤ ያኔ አልጠረጠረም፤ ብሎኗ እንደጠበቀች ግን ዓይኔ አይቶ ነበር። እኔ ያን ቃል ይዤ ኖርኩ። ወጥ ሳሳርር፣ ሳንቲም መልሼ ስሳሳት፣ «ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይሆንልሽም» እያልኩ ራሴን እሰድብ ነበር። ጎበዝ ነኝ ብዬ አላውቅም ነበር እኮ፤ ሰነፍ ነኝ ብዬ ግን ያመንኩት በእሱ ቃል ነው።

በዓመቱ የአያ ጫኔ ታናሽ ልጅ ልትዳር ሆነ። አያ ጫኔ ጎንደር መጥቶ፣ «ሸጋ ቪዲዮ ቀራጭ ጠቁሚኝ፣ አንቺው ታውቂያለሽ» አለኝ። እዩልኝ እንግዲህ! እጁን ይዤ ወደ አያ እንዳልክ ወሰድኩት። እሱ ያን ዓመት በጓሮ ክፍሉ ቪዲዮ ማቀናበር ጀምሮ፣ የጎንደርን ሰርግ ሁሉ ይሠራ ነበር። ኮላ ድባ ድረስ አብሬው ሄጄ የካሜራውን እግር ተሸክሜለታለሁ። በቅልቅሉ ቀን ያው ዳስ፣ ያው ቴሌቪዥን። ቪዲዮው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ እንከን ፈሰሰ። አያ ጫኔ ተነሥቶ ግንባሩን ሳመው። እኔም እልል አልኩ፤ ከጎኔ ለተቀመጠችው ሴትዮ፣ «መምህሬ ናቸው» አልኳት፣ በኩራት።

ዓመታት አለፉ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች ሥልጠና አለ ተብሎ እኔም ሄድኩ። አሠልጣኙ ወጣት ነው። ስለ ማሽን ዓይነት ሲያወራ፣ እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ «ዱዋል ኮርማ በመስኮት ይታወቃል፤ ሁለት ከሆነ ሁለት ነው» አልኩ።

«አይደለም እታለም» አለኝ ልጁ፣ በትሕትና። «ከድሮዎቹ ፔንቲየም ፎሮች ሁለት መስኮት የሚያሳይ አለ። ውስጡ ግን አንድ ነው። ቀላል ሥራ ላይ አይታወቅበትም፤ ቪዲዮ ስትሰጪው ግን ትንፋሹ ያልቃል። መስኮት አትቁጠሪ፤ ስሙን አንብቢ።»

ቤት ገብቼ ያን ማሽን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። አስነሥቼ፣ ስም ይዋሻል ተብዬ ስንት ዓመት ሙሉ ገልጬ ያላየሁትን፣ የአሳቢው ስም የተጻፈበትን ገጽ ገለጥኩ። ፔንቲየም ፎር ይላል። አላመንኩም። ማራገቢያውን ፈትቼ አሳቢው ላይ ያለውን ነጭ ቅባት በጥጥ ጠርጌ አነበብኩ። ያው ነው። የሁለቱ አሳቢዎች መቀመጫ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተካት የአንድ ኩባያ ሻይ ሥራ ነው። ያ ማሽን ካገር ሁሉ በአደራ የተሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ እጁን የሳምኩት ሰው።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እኔ ግን ከወደቅኩም በኋላ ኮርቻውን እያቀፍኩ ነበር።

በማግስቱ ወደ ጓሮ ክፍሉ ገባሁ። እሱ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት ማሽን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጎኑ ተከፍቶ። ምንም ሳልል ቁጭ ብዬ ስሙን ገለጥኩ። በኔ ማሽን ተለጣፊ ላይ ያለው ስም ቁልጭ ብሎ ወጣ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። አልካደም፤ ቢክድ እንኳ ምን አለ!

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኩት። «አንተ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ። «ኮላ ድባ ይዘሽው ገብተሽ ምን ልትሠሪበት? በዓመት ሦስት ሰርግ! እኔ ጎንደር ላይ አሠራሁት» አለኝ።

«መስኮት ቁጠሪ ያልከኝስ?»

«መስኮት መቁጠር አስተማርኩሽ። መስኮቱ ውስጥ ማን እንዳለ መጠየቅ ያንቺ ድርሻ ነበር።»

እንዲህ ነው ያለኝ። ከራሴ ቃል አልጨመርኩበትም። ከዚያ ግን ልቡ የራራ መሰለኝ፤ ጎንበስ ብሎ፣ «ካስፈለገሽ ነቅዬ እመልስልሻለሁ» አለኝ።

«እሱንማ ትመልሳለህ። ዳስ ውስጥ የቆምኩባትን ቀን ማን ይመልስልኛል? ‹ጥፋቱ ካንቺ ነው› ያልከኝንስ?»

ብሎን መፍቻውን መልሶ አነሣ። ወጥቼ ሄድኩ፤ እዚያ ቤት ተመልሼ አልገባሁም። እያደር ተበድሬ፣ ተለማምጬ፣ አዲስ ማሽን ይዤ ሥራውን ከሀ ጀመርኩ። ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፤ ሰርግ ስቀርጽ ድምፁም ምስሉም ባንድ ላይ ይሄድልኛል። ኮላ ድባ ላይ ግን እስከ ዛሬ «እንደ ስመኝ ቪዲዮ» ይባላል። አያ ጫኔም እውነቱን ሳይሰማ ሞተ፤ አባቴም ሳይሰማ። ብናገርስ ማን ያምነኛል? ተለጣፊ ልጦ በነጋዴ ኮት ላይ የለጠፈውን ሰው ሌባ ነው ብል፣ ቅናት ነው ይሉኛል። እውነቱን ማውጣት የሚችል እሱ ብቻ ነበር። አንዴ ቁስቋም በር ላይ ተገናኝተን እጁን ለሰላምታ አነሣ፤ ዞር አልኩ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ያቺን ቀን ቆሜ ብጠብቀው ምን ይለኝ ነበር እላለሁ። አላውቅም።

የለቅሶው ድንኳን ሞልቷል። ሚስቱ እትዬ ሙሉ ጥቁር ለብሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እስቲ አሁን፣ እስቲ ይበሉ፣ እያልኩ።

«መጣሽልኝ ስመኝ!» አሉኝ። «ሁልጊዜ ያነሣሽ ነበር። በመጨረሻም ሳይቀር፣ አልጋ ላይ ሆኖ።»

«ምን ይል ነበር፣ እትዬ?»

ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «‹ስመኝ ብርቱ ልጅ ናት› ይል ነበር። ‹ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይሆንላትም እንጂ። እኔ ነኝ ደጋግፌ ለወግ ያበቃኋት።› እንዲህ ይልሽ ነበር። ይወድሽ ነበር እኮ!»

አልተናገረም። ለሚስቱም፣ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ እንኳ አልተናገረም። እትዬ ሙሉ እጄን አጥብቀው ያዙ።

«ለአርባው ከድሮ ምስሎቹ አንድ ቪዲዮ ትሠሪለታለሽ? ማሽኑ እንዳለ ነው፣ ጓሮ ክፍል ውስጥ። እንደሆነልሽ አድርጊው፤ ማንም አይቆጣሽም።»

ልናገር? አንደበቴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፊታቸውን አየሁት፤ እኚህ ሴትዮ ምን አደረጉኝ? ለቅሶ ቤት ምን ይባላል?

«እትዬ፣ እሱ ያለው ልክ ነው» አልኳቸው። «ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይሆንልኝም። ዛሬ ላልቅስለት።»

እውነቱን ተናግሮልኝ ቢሆን ይቅር ልለውም ላለቅስለትም ነበር፤ አንዱን ብቻ ቻልኩ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ለአባቴ በሬ፣ ለአያ ጫኔ «ልጄ፣ ምነው?»፣ ጆሮውን ማሽን ላይ አስጠግቶ «እስኪ ምን ትላለች?» ለሚለው ሰው። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ፣ «ወይ እናቴ፣ እንዴት ብትወደው ነው!» አለች።

ያለችውም ውሸት አልነበረም።